የዘይት መቀየሪያ ቀን

ክርክሩን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። አባቴ ከሞተ አራት ወሩ ነው፤ መኪናዬ ግን አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «አንቺ እኮ ልክ ነበርሽ» እያሉ የሚያጽናኑኝ ሰዎች ስላስመረሩኝ ነው። አዎ፣ ልክ ነበርኩ። ምን ይጠቅመኛል?

አባቴ ወርሳሜ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ በባቡሩ ጥገና ክፍል የናፍጣ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ከሥራ ባልደረባው ከጋሽ ነህምያ ጋር ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ከፈተ። ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መኪና ከላዩ የሚቆምበት አንድ ጉድጓድና አንድ የኒም ዛፍ ነው። እኔ የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ደወሌ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ነው የምውለው። ቤቴ ሳቢያን ነው። ከሳቢያን እስከ አባቴ ጋራዥ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። በየሳምንቱ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የምነዳ ሴት ሆኜ፣ ያቺ ሩብ ሰዓት ግን ትከብደኝ ነበር።

ወደዚያ የምትወስደኝ አንድ ነገር ነበረች፤ ዘይት። በአባቴ ሕግ ናፍጣ መኪና በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየርለታል፤ መብራት በራ አልበራ አይጠየቅም። በእኔ አነዳድ ይህ በዓመት አምስት ጊዜ ይደርሳል። ቀኑን ከእኔ በላይ ያውቀው ነበር። ለሌላ ነገር ደውሎልኝ የማያውቅ ሰው ለዚህ ብቻ ይደውላል። «ራሕማ፣ ዘይትሽ ደርሷል» ብሎ ይዘጋዋል።

ቅዳሜ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እሄዳለሁ። ሞተሩ ትኩስ እንዳለ መፍቻውን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል። እኔ እንድወርድ አይፈቅድልኝም፤ ልብስሽ ይበላሻል ይላል። ከዚያ ከሥር ባስቀመጠው ገንዳ ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ይጀምራል። ኒሙ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ መጥቷል፤ ከቀፊራ ገበያ የተገዛ ፓፓያ ተቀምጧል። እበላለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ።

«አባ፣ አላለቀም?»

«ዘይት ተቻኩሎ አይወርድም። በባቡሩ ጊዜ ግማሽ ቀን ነበር የምናስንጠባጥበው።»

ትንሽ ቆይቶ ይወርድና ያየዋል፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይወጣል። «ገና ነው» ይላል። እንዲህ እያልን የከሰዓቱ ዐስር ሶላት ይደርሳል። ሙሉ ሦስት ሰዓት! ቀርፋፋነቱ ያናድደኝ ነበር፤ ፊቱ ላይም ነግሬዋለሁ።

ባሌን ልፈታ መሆኔን መጀመሪያ የተናገርኩት ግን እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። አባቴ የፓፓያውን ፍሬ በቢላ ጠርጎ ትልቁን ቁራጭ ሰጠኝ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ቆየ። ሲወጣ ዐይኑ ቀልቷል። «ገና ነው» አለኝ።

ባለፈው ዓመት መኪና ቀየርኩ። የጀርመን ናት፤ ናፍጣ። መመሪያ መጽሐፏን ሳነብ ሰርቪሷ ሁለት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። አንዱ ቋሚ ነው፤ የተወሰነ ኪሎ ሜትር ሲደርስ መቀየር። ሌላው ተለዋዋጭ ነው፤ የሞተሩን ሙቀት፣ ስንቴ እንደተነሳና ምን ያህል እንደተጓዘ እያየች ቀኑን መኪናዋ ራሷ ትናገራለች፤ እስከ ሠላሳ ሺህ ድረስ ልትሄድ ትችላለች። ለዚህኛው የሚሆነውን ዘይት ከጅቡቲ አስመጣሁና መጽሐፉን ይዤ አባቴ ፊት ተቀመጥኩ።

«ከተማ ውስጥ እየተነሳ ለሚቆም ቋሚው ይሻላል ይላል። ረጅም መንገድ ለሚነዳ ተለዋዋጩ። እኔ የቱ ነኝ?»

«ይቺ መኪና ድሬ አልተወለደች። አቧራችንን የት ታውቀዋለች?»

«ሴንሰር አላት።»

«ናፍጣችንንስ?»

«አባ! የሠሯት ሰዎች ካንተ ያንሳሉ?»

ጋሽ ነህምያ ከወዲያ ሆኖ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ጣቱ ላይ የነበረውን አሮጌ ዘይት አሻሸው፣ አሸተተው። «ሃዬ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። አዲሱ ዘይት ከተሞላ በኋላ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ መነጽሩን አደረገ።

«የቱን ልጫን?»

ዳሽቦርዱ ላይ ተለዋዋጭ የሚለውን አሳየሁት። ጣቱን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ቆየ።

«እንግዲህ መቼ ትመጫለሽ?»

«መኪናዋ ትነግረኛለች» አልኩት። ተጫነው።

ያለ ዘይትም ልመጣ አስቤ ነበር፤ ወላሂ አስቤ ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ እንቅልፍ ያሸንፈኛል፣ የሚታጠብ ልብስ ይጠብቀኛል፣ ቀፊራ ወርጄ አስቤዛ እገዛለሁ። ስልክ እደውላለሁ። «ካስፈለገህ ደውልልኝ፣ እሺ?» እለዋለሁ። «ምን ያስፈልገኛል፣ አልሐምዱሊላህ» ይለኛል። እኔም የምሩን አድርጌ እወስደዋለሁ። ለአረፋ በዓል ሄጄ ነበር። ሰዎች እየጠበቁኝ ነው ብዬ ሞተር እንኳ ሳላጠፋ ገብቼ ወጣሁ። እስከ መኪናዋ ሸኘኝ፤ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አዘንብሎ አዳመጠ። «ድምጿ ደህና ነው» አለኝ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኼው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ደወሌ ሳለሁ ጋሽ ነህምያ ስልክ ደወለልኝ። «ራሕማ፣ ነይ» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ ገባኝ። ለፈጅር ተነስቶ ሶላቱን ሰግዶ እንደተቀመጠ ነው ያገኙት። ያን ቀን እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። መኪናዋ አላቃሰተችም፣ አልሞቀችም። ዳሽቦርዱን አየሁት፤ ለሰርቪስ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀራል ይላል። በጡጫ መታሁት። መንገድ ላይ ፍተሻው አቆየኝ፤ ድሬ ስገባ ወንዶቹ ከመቃብር እየተመለሱ፣ የእጃቸውን አፈር እያራገፉ ነበር። አባቴን ሳላየው ቀረሁ።

የሰርቪስ መብራቷ የበራችው ባለፈው ሳምንት ነው።

ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ሄድኩ። ሩዝና የፍየል ሥጋ በሳህን ይዣለሁ፤ ለምን እንደያዝኩ አትጠይቁኝ። ጋሽ ነህምያ መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቁሞ ወረደ። እኔ ኒሙ ሥር ምንጣፉን አነጠፍኩ። ጠብ፣ ጠብ የሚለውን ድምፅ ስጠብቅ ዘይቱ ወረደና ተንዠቀዠቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። ሳህኑን ገና ሳልከፍት ጋሽ ነህምያ ወጥቶ የአዲሱን ዘይት ክዳን ይፈታ ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

«ልሞላ ነዋ።»

«ገና ነው! ይንጠባጠብ እንጂ!»

«ምኑ? ወርዶ አልቋል እኮ።»

«አባ ሦስት ሰዓት ነው የሚያስንጠባጥበው! እሱ ስለሌለ ነው አይደል እንዲህ የምትቸኩለው?»

ሊመታኝ ቢነሳ አልፈርድበትም ነበር። ዘይቱን መሬት ላይ አስቀመጠና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ነይ፣ ውረጂ» አለኝ።

ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ አላውቅም ነበር። የሞተሩን ሆድ ከሥር አሳየኝ፤ የዘይቱ ማውረጃ ቀዳዳ ክፍት ነው፤ የሚደፍነው ቡሎን መዳፉ ላይ ነው።

«ይህ ከወለቀ በአሥር ደቂቃ ጥርግ ብሎ ይወርዳል። አባትሽም ለሌላው ሰው ሁሉ እንደዚህ ነበር የሚሠራው። ያንቺን ግን አያወልቀውም። ትንሽ ያላላውና ይተወዋል።»

«አባ እየወረደ ያየው ነበር እኮ። አሁንም አሁንም።»

«ሊያይ አይደለም የሚወርደው» አለኝ። «ሲፈጥንበት ሊያጠብቀው ነው። አንድ ቀን፣ አንተ ሰውዬ አብደሃል እንዴ አልኩት። ‹ዝም በል፣ ካለቀ ትሄድብኛለች› አለኝ።»

የጉድጓዱን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

«የዚያን ቀን በመጽሐፉ ስትከራከሪው ልክ እንደሆንሽ ያውቅ ነበር» አለ ጋሽ ነህምያ። «ለደወሌ መንገድ ተለዋዋጩ እንደሚሻል ማታውኑ ራሱ ነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን እውነቱን አልነገረኝም?»

«ምን ብሎ ይንገርሽ?»

 እዚያው ዘይት የጠገበው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀስኩትን ለቅሶ አለቀስኩ። አባ፣ ነይ ብትለኝ እኮ እመጣ ነበር ልል ፈለግኩ። ግን አልመጣም ነበር። ካስፈለገህ ደውል ብዬው፣ ዘይትሽ ደርሷል ከማለት ሌላ መደወል የማያውቀውን ሰው፣ ያቺኑ አንዷን ምክንያት በገዛ ጣቱ አስጠፋሁት።

ጋሽ ነህምያ ቡሎኑን ገጠመ፣ ፊልትሮውን ቀየረ፣ ዘይቱን ሞላ። እኔ ወጥቼ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬአለሁ። ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠና አጠፋው። መጥቶ ቁልፌን ዘረጋልኝ።

«ራሕማ፣ መኪናሽ ደርሳለች።»

«ገና ነው» አልኩት።

አየኝ። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ከምንጣፉ ወዲያኛው ጫፍ፣ አባቴ ከሚቀመጥበት ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ሩዙን ከፈትኩት። ዐስር ሶላት እስኪደርስ ሁለታችንም አልተነሳንም።