በስልክ የተነበበ ልኬት

"የሙሽራዋ ልኬት የት ነው ያለው?" ብለው ጠየቁ ልብስ ሰፊዋ አክስት።

ባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰችው የእህታቸው ልጅ ስልኳን አነሳች። የልብስ ስፌት ቤቱን ልኬት ሁሉ ከደብተር ወደ ክላውድ፣ ማለትም አንድ ኩባንያ በኢንተርኔት ወደሚያስቀምጥበት ማከማቻ፣ ያዛወረችው እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ የተለካችው ሙሽራ ደብተሩ ላይ የለችም። አሁን ኩባንያው ሰርቨሮቹን፣ መረጃው ያለባቸውን ኮምፒውተሮች፣ ወደ ሌላ ሕንፃ እያጓጓዘ ስለሆነ ድረ ገጹ ከተዘጋ ሦስት ቀን ሆኖታል። ቀሚሱ የሚፈለገው ነገ ጠዋት ነው፤ ሙሽራዋ ደግሞ አውሮፕላን ላይ ናት።

"ደብተሬ እኮ ቤት ቀየርኩ ብሎ ተሰውሮብኝ አያውቅም!" አሉ አክስቷ።

ልጅቷ ወደ ኩባንያው ለአምስተኛ ጊዜ ስትደውል አንድ ቴክኒሻን አነሳ። ያጠራቀመችውን ንዴት ሁሉ አወረደችበት። ሰውየው ሰምቷት ሲያበቃ፣ "እውነትሽን ነው እህቴ። መረጃችሁ ያለበት ማሽን እዚህ እግሬ ሥር ነው። ኔትወርክ ባይኖረውም ስክሪን ልሰካበት እችላለሁ። ላንብብልሽ?" አላት።

አክስቷ ስልኩን ቀምተው ጠመኔያቸውን አነሱ።

"ወገብ፣ መቶ ስምንት።"

"ኧረ የኔ ልጅ፣ እሱ የእናትየዋ ነው! ሙሽራዬ እንደሱ አልበላችም፤ ዝቅ በል።"

ሰውየው እየሳቀ ዝቅ አለ። "ስልሳ ስምንት።"

እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበላቸው፤ እሳቸውም ጨርቁ ላይ አሰመሩ።

"ተባረክ፣ ክፉ አይንካህ" አሉት። ወደ እህታቸው ልጅ ዞረው ደግሞ፣ "ደብተሬን ግን መልሺልኝ" አሏት።

በማግስቱ ቀሚሱ ሙሽራዋ ላይ ልክክ ሲል፣ ልጅቷ ለኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ትናንት ልኬት ላነበበልን ሰው አድርሱልኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። እግዜር ይስጥልኝ።"

መልስ አልመጣላትም።