ጾም የማይፈታው ኪኒን

ሆዴን ህንድ አገር አስቀንሼ ቡሬ ስመለስ ወሬው ከአንድ ለአምስት ስብሰባ ቀድሞ ቤት ለቤት ተዳርሶ ነበር። «ባንቺአየሁ ጨጓራዋን ቆርጣ ጣለችው» ይሉኛል። ይበሉ። እህል ነጋዴ ነኝ፤ በወሬ ብደነግጥ ኖሮ ገበያ አልወጣም ነበር። ውፍረቱና ስኳሩ ተባብረው ሊገድሉኝ ሲሉ ቀደምኳቸው እንጂ ምን አጠፋሁ?

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዋናው ሥራ መድኃኒቱ ነው። ሐኪሙ የስኳሩን ኪኒን በግማሽ ቀነሰልኝ፤ እሱንም እህል ሳልቀምስ እንዳልውጠው አጥብቆ ነገረኝ። ሆዴ ጠቧል፤ የሚገባበት እህል ጥቂት ነው። ኪኒኑ ባዶ ሆድ ካገኘ ስኳሬን ቁልቁል አውርዶ እኔንም ይደፋኛል። ለጉልበቴ ሕመም የምወስደው ማስታገሻ ደግሞ የተቆረጠ ጨጓራ ያቆስላልና ጨርሶ እንዳልነካ ተነገረኝ። ጎረቤቴ ሰብሊ አዝናልኝ ከራሷ ማስታገሻ በመሀረብ ቋጥራ ብታመጣልኝ ከነመሀረቡ መለስኩላት። ተቀይማለች፤ ሲበርድላት ትመጣለች።

ጭንቁ የመጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው። የነፍስ አባቴ ቄስ ደረሰ ናቸው፤ ወለተ ሐና ብለው በክርስትና ስሜ የሚጠሩኝም እሳቸው ብቻ ናቸው። ለቀዶ ጥገና ስገባ፣ በሕይወት ካወጣኸኝ ለትንሣኤ እቆርባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። እሳቸው ሳይፈቅዱልኝ ጠዋት ጠዋት ብበላ ቁርባኑ ቀረ ማለት ነው። ስለቴን ከማጣ ሞት ይሻለኛል፤ ለመሞት ደግሞ ህንድ ድረስ አልሄድኩም።

ሄጄ ጠየቅኋቸው። በሽተኛ በጾም አይገደድም ብዬ ብከራከር፣ በሽተኛ ማለት የተኛ ነው፣ የአንቺ ድምፅ ግን ከቡሬ ገበያ እስከ ፍኖተ ሰላም ይሰማል አሉኝ። ቀጥለውም አገሩ ሁሉ የሚለውን አሉ፤ ኪኒን ጾም አይፈታም፣ እሱን ጠዋት ዋጪው፤ እህሉን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሺው። እሳቸውም ስኳር አለባቸው፤ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነበር። እጃቸውን ተሳልሜ ወጣሁ እንጂ ውስጤ ጨሷል። በስንት መከራ ያተረፍኳትን ነፍስ በምክር ላስወስዳት?

በማግስቱ ጠዋት በሶ ጨብጬ ኪኒኔን ያዝኩና ወደ ቤታቸው አመራሁ። ፊታቸው ቁጭ ብዬ በልቼ እውጣለሁ፤ ከገዘቱኝም ዓይን ዓይኔን እያዩ ይገዝቱኝ አልኩ።

ስደርስ ሚስታቸው እህተ ማርያም ደጅ ቆማ ታለቅሳለች። ቄሱ ከኪዳን ሲመለሱ አንድ ነገር ለክፏቸው ነው ብላ ጠበል ልታስመጣ ነበር። ገባሁ። መደብ ላይ ተደግፈው ላባቸው ይንቆረቆራል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እኔንም በሌላ ሰው ስም ጠሩኝ። ህንድ አገር ከጎኔ የተኛችው ሴትዮ ስኳሯ ወርዶ ልክ እንዲህ ሆና አይቻለሁ። ኪኒናቸውን ውጠው እንደሆነ ጠየቅሁ። ማልደው ውጠዋል። እህልስ ብል ሚስታቸው «በሁዳዴ ጠዋት?» አለችኝ።

ማር እንድታመጣ አዘዝኳት። በውሃ በጥብጬ አፋቸው ላይ ሳስጠጋው ፊታቸውን አዞሩ፤ ገና ሰዓቱ አልደረሰም ሲሉ ምላሳቸው ይተሳሰር ነበር። ያን ጊዜ ፈራሁ። ስንት ዘመን ስለ እኔ የጸለዩ ሰው ዓይኔ እያየ ሊሞቱብኝ ነው።

«አባቴ፣ የእኔን ኃጢአት ሲሸከሙ ኖረዋል» አልኳቸው። «የዛሬን የእርስዎን እኔ ልሸከመው። በእኔ አንገት፤ ይጠጡ።»

ጠጡ። ላቡ ቀስ በቀስ ደረቀ፤ ዓይናቸው ተመለሰ። በሶውን ቆርሼ አጎረስኳቸው። ሲበረቱ የማን በሶ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔም ለምን እንደመጣሁ ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን አነሱ። ግዝቱን ጠበቅሁ።

«ወለተ ሐና፣ አባትሽን ጾም አስፈትተሻል። ቀኖና ይገባሻል።»

አንገቴን ደፋሁ።

«እስከ ፋሲካ ጠዋት ጠዋት እዚህ እየመጣሽ ከእኔ ጋር ትበያለሽ። እህል ሳልቀምስ ኪኒን ልውጥ ብል እጄን ትይዣለሽ።»

ቀኖናዬን አላጎደልኩም። የገብስ ቆሎ እንኳ ቢሆን እሳቸው ሳይቀምሱ ኪኒናቸውን ከእጄ አላወጣም ነበር። ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል የቡሬው ሐኪም ስኳሬን ለክቶ የእኔን የስኳር ኪኒን ጨርሶ አስተወኝ። ያለ ኪኒን ባዶ ሆድ አያስፈራኝምና ለትንሣኤ ጾሜ ቆረብኩ። ሥጋውን ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው፤ የዕለቱ ኪኒናቸው ገና እኔ ዘንድ ነበርና እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።