ሟች የሌለው ድንኳን

ፈትያ የዕድሩን ድንኳን ደጃችን ላይ ልትተክል እንደምትፈልግ ስትነግረኝ በያዝኩት ጭልፋ ልላት ምንም አልቀረኝም።

«እትዬ ገበያነሽ፣ በቃ ለጥናት ብቻ ነው፤ ማለቴ፣ እስከ ፈተናው» አለች።

የጎረቤቴ የሙክታር ልጅ ናት። አምና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሳካ ብሏት ዘንድሮ ደግማ ትፈተናለች። ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል ነው የሚኖሩት፤ ቴሌቪዥኑም፣ ሕፃኑም፣ የእናቷ ስፌት መኪናም እዚያው ነው። ግማሹ ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ከእኛ ግቢ በቀር እሷና አብረዋት የሚፈተኑት የሰፈሩ ልጆች የሚሰባሰቡበት ቦታ የለም። ይሄ ሁሉ ይገባኛል። ግን ባለቤቴ ታሞ ቤት ውስጥ ተኝቷል።

ዘርአይ ልቡን ካመመው ወዲህ ከአልጋ መውረድ ትቷል። ሐኪሙ «ይንቀሳቀስ» ቢልም እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቀኑን ይጠብቃል። በሽተኛ ባለበት ደጅ ድንኳን መትከል ሞትን በስሙ መጥራት ነው። የዕድራችን ዳኛ አቶ ታዲዎስም «ሰው ሳይሞት ድንኳን? ሟርት!» ብለው ልጆቹን አባረዋቸዋል።

ከውስጥ የዘርአይ ድምፅ መጣ። «ይትከሉት እንጂ። ለእኔ መተከሉ ላይቀር፣ በዓይኔ ልየው።»

አለቀስኩም፣ ተቆጣሁም። ግን ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር መፈለጉ ነበር። ራሴ ሄጄ አቶ ታዲዎስን ለመንኩ። «እኔ የለሁበትም» እያሉ ቁልፉን ሰጡኝ።

ድንኳኑ ሲተከል ዘርአይ መጀመሪያ በመስኮት አየ። በማግስቱ ትከሻዬን ተደግፎ ወጣና ከልጆቹ መሀል ተቀመጠ። ፊዚክሳቸውን አያውቀውም፤ ዕድሜውን የፈጀው መዝገብ ቤት ነው። ግን ራሱን ፈታኝ አድርጎ ሾመ። ስልክ የነካ ልጅ ወዮለት!

«ፋዘር ነቄ ናቸው» ይባባላሉ ልጆቹ።

አንድ ከሰዓት የድሮ ጓደኛው ሊካሳ ሊጠይቀው ከወሎ ሰፈር መጣ። ድንኳኑን ገና ከመንገድ ሲያይ «ዘርአይ! ወንድሜ! ሳልሰናበትህ!» እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ። ጨርሶ የማያውቁን ሁለት ሴቶችም ለቅሶ ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉት።

ዘርአይ ከአግዳሚው ቀና አለ። «ሊካሳ፣ ዝም በል። ልጆች እያጠኑ ነው።»

ሊካሳ እዚያው መሬት ላይ ተዘረፈጠ። ደግሞ አለቀሰ፤ ያኛው ግን የደስታ ነበር። እኔ ከሳቄ ብዛት ግድግዳ ያዝኩ።

አንዱ ልጅ ቀርጾት ኖሯል፤ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። የወሎ ሰፈር ልጆች አይተው የሊካሳን ዕድር ነዘነዙ፣ ድንኳን ተከሉ። ቀጥሎ ባምቢስ አካባቢ ተተከለ ተባለ። አቶ ታዲዎስም ላገኙት ሁሉ «ሐሳቡ ከእኛ ዕድር ነው የወጣው» ማለት ጀመሩ። ሟርቱ የት እንደገባ እንጃ!

ከዚያ ስታዲየም በኩል አንድ አባላችን በእውነት አረፉ። ልጆቹ ሳይታዘዙ ድንኳናችንን ነቅለው፣ አግዳሚውን ተሸክመው ለቅሶ ቤት ሄዱ። ቀብር ሲባል የሚጠፉት እነዚያው ልጆች ሲተክሉና ውኃ ሲቀዱ ዋሉ። ኮራሁባቸው።

ዘርአይ ግን ባዶውን ግቢ አይቶ ተመልሶ ተኛ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምግብ ባቀርብለት «በኋላ» ይላል።

ድንኳኑ ከለቅሶ ቤቱ በተነሣ ዕለት ነጠላዬን እየጎተትኩ ወደ አቶ ታዲዎስ ሮጥኩ።

«ድንኳኑን ይስጡኝ!» አልኩ ቁና ቁና እየተነፈስኩ።

ፊታቸው አመድ መሰለ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ። መቼ አረፈ?»

«ኧረ አልሞተም!» ብዬ ጮኽኩባቸው። «እንዳይሞትብኝ ነው። አሁኑኑ ይተከልልኝ!»