የስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰዎች ቤት ለውጥ

የዶክትሬት ጥናቴ ስለ ዘር ማጥፋት ክህደትና መታሰቢያ ነው። ሲጠይቁኝ እንዲህ ነው የምለው፣ ወግ አይደል! እውነቱን ለመናገር ግን እናቴ ታላቅ ወንድሟ የት እንደተጣለ ሳታውቅ እንዳትሞትብኝ ነው የምለፋው። አርባ አንድ ዓመት አለማወቅ ይበቃታል።

የመዝገብ ቤቱ ሹም ገና ከበር ስገባ፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ፣ "ግድያ የሚባል ነገር አልነበረም" አሉኝ።

"ታዲያ ሰዎቹ የት ገቡ?"

"ቤት ለወጡ።"

"ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰው? በአንድ ማክሰኞ?"

"ምን ችግር አለው? ጎረቤት ተያይቶ ይለውጣል።"

ቱግ አልኩ፤ ግን ደብተሬን አውጥቼ "ቤት ለወጡ" ብዬ ጻፍኩ። ሹሙ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ለቅጽ ሟች ናቸው። "እኛ ዘንድ አንዲት ቦታ ክፍት የሆነች ቅጽ ፋይል ውስጥ አትገባም!" አሉና ማስረጃ ሊያሳዩኝ መሰላል ላይ ወጥተው የማክሰኞውን ጥራዝ አወረዱ።

የአጎቴን ቅጽ አገኘሁት። አጎቴ አስተማሪ ነበር፤ በፊርማው ቦታ ግን የጣት አሻራ አለ። የጎረቤቱም ያው አሻራ ነው። የጎረቤቱ የስምንት ወር ሕፃንም በዚያው የአዋቂ አውራ ጣት ነው የፈረመው! የለውጡ ምክንያት፦ በራሱ ፈቃድ። ይዞት የሄደው ዕቃ፦ የለም። አዲስ አድራሻ በሚለው ላይ ደግሞ፣ ክፍት እንዳይቀር፣ ያ ጸሐፊ እጁ ይባረክና "ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ ጉድጓድ ቁጥር ሁለት" ብሎ ሞልቶታል።

አድራሻውን በጣቴ እየተከተልኩ ደግሜ አነበብኩት።

"አየሽ ልጄ?" አሉ ሹሙ ደረታቸውን ነፍተው። "የሞተ ሰው አድራሻ አለው እንዴ?"

"የለውም፣ ጌታዬ። ቅጂውን በማኅተም ይሰጡኛል?"

ደስ ብሏቸው ሁለት ቦታ መቱልኝ።

እናቴ ሳነብላት አላለቀሰችም። "ጫማዬን አቀብይኝ" አለች። "አድራሻ ካለውማ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።"

"እማ፣ ዛሬ ይቅርብሽ፣ ደክሞሻል።"

"አንቺ ጥናትሽን አጥኚ፤ እኔ እሄዳለሁ።"

ማን ይችላታል? ሄድን። ፋብሪካው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አስቆመን።

"ማንን ፈልጋችሁ ነው?"

"ወንድሜን" አለች እናቴ። "ከጀርባ ነው የሚኖረው።"

"እዚህ ማንም አይኖርም፣ እናቴ።"

ወረቀቱን አፍንጫው ሥር ዘረጋችለት። "መንግሥት ይኖራል ብሎ አትሞበታል። አንተ ከመንግሥት ትበልጣለህ?"

ዘበኛው ማኅተሙን አየ፣ እናቴን አየ። ከዚያ ቁልፉን አውጥቶ ሰንሰለቱን ፈታ።

"ግቡ። ለሌሎቹም ሰላም በሉልኝ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ሠላሳ ዓመት ስጠብቃቸው አንድ ቀን እንኳን ወደዚያ ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም።"

እናቴ ስለ ወንድሟ እንጂ ስለ ሌላ ሰው አልነገረችውም ነበር። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።