ዝናብ ያልተለካባቸው ዓመታት

ወንድሜ በማለዳ ደወለ። «እህቴ፣ ቤት ውስጥ የቀረን አንድ ጆንያ እህል ነው። እንዝራው ወይስ ስንቅ አድርገነው እንሰደድ?» አለኝ። ካርታውን አይቼ እነግርሃለሁ አልኩት። የድርቅ ስጋት ካርታ የምንሠራው ከድሮ የዝናብ መዝገብ ነው፤ እንጀራዬ ይኸው ነው።

የእኛን ወረዳ ብከፍተው አረንጓዴ፤ ስጋት የለም ማለት ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ አላማረኝም። ወደ ጥሬው ቁጥር ወርጄ ባይ ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ ነው። ባዶውን ደግሞ ኮምፒውተሩ በሌሎቹ ዓመታት አማካይ ሞልቶታል። የቢሮው ደንብ ነው። መለኪያ ለተሰበረበት ወር ደግ ደንብ ነው።

እዚያ ግን የተሰበረ መለኪያ የለም። ዝናቡን እየለካ የሚመዘግበው አባታችን ነበር። ላሞቹ በድርቅ ሲያልቁ ቤቱን ዘግቶ እኛን አስከትሎ ወጣ፤ ታናሽ እህታችንን መንገድ ላይ ቀበርናት። ያን ክፉ ዘመን ነው እንግዲህ ኮምፒውተሩ ደህና ዝናብ ያዘነበበት!

ወደ ኃላፊያችን ሮጥኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ ከሚጥስ ግን አንገቱን ቢሰጥ ይመርጣል።

«ጋሼ፣ ባዶው ራሱ ድርቁ ነው። የሚለካው ሰው ስለተሰደደ ነው ያልተለካው።»

«ማስረጃሽ?»

«እኔ ነኛ! አብሬ ተሰድጃለሁ።»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «የኔ ልጅ፣ አንቺን ሰንጠረዡ ውስጥ የት ላስገባሽ? ደግሞስ የካርታውን ረቂቅ ትናንት ለሬዲዮ ሰጥቻለሁ። ገበሬው የዘር ጊዜ እንዳያልፍበት ብዬ ነው። ጠዋት አንብበውታል።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በር ላይ ቆሜ ለወንድሜ ብደውል አይነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። ሲያነሳው ያለከልካል፤ ድምፁ ግን ደስ ብሎታል።

«እንዳትዘራ!» ብዬ ጮህኩ። «ልጆቹንና ጆንያውን ይዘህ ውጣ!»

«ምን ነካሽ? ሬዲዮው ስጋት የለም አለ እኮ። ሰዉ አላመነም ነበር። እኔ ግን እህቴ ያለችበት መሥሪያ ቤት አይዋሽም ብዬ ቀድሜ ወጣሁ። ዘርተን ጨረስን። እኔን አይተው ጎረቤቶቹም እየዘሩ ነው።»

የበሩ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እንግዲያው ልቀሙት» አልኩት እያለቀስኩ። «ከአፈሩ ውስጥ ልቀሙት። ጎረቤቶችህንም አስቁማቸው።»

ከኋላው በሬ የሚነዳ ሰው ይጮኻል።

«በምን አፌ?» አለኝ።