በነፃ የተሰጡት የእድር ድስቶች

ሃረገወይን መቀሌ ካለች እህቷ ዘንድ ሰንብታ በተመለሰች ማግስት፣ ገና ፊቷን ሳትታጠብ ስልኳ ጮኸ። የሰፈሩ እድር ዳኛ ሰዲቅ ነበር።

«ሃረጌ፣ አብዱራሕማን ሞተብን» አላት ድምፁ እየተቆራረጠ። «ንጋት ላይ ነው። ቀብሩ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ነው። ሴቶቹ ቶሎ እሳት እንዲያያይዙ የኛን ድስቶች አውጪልን።»

ሃረገወይን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አብዱራሕማን አጥር የሚጋራት ጎረቤቷ ነበር። ከወሎ በወጣትነቱ መጥቶ፣ በጭነት መኪና ሲነግድ ኖሮ፣ እዚሁ ሩዋንዳ ሰፈር ልጆቹን ኩሎ ድሮ ያረጀ ሰው ነው። ወደ መቀሌ ስልክ በማይሠራበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ስንቱ የሰፈር ሰው ሰላምታዋን እየሸሸ መንገድ ሲያቋርጥ፣ ጠዋት ጠዋት በሯን አንኳኩቶ «አደርሽ ወይ ሃረጌ?» የሚላት እሱ ነበር። ይህን ውለታ እንዴት አድርጋ እንደምትመልስ ስታስብ ኖራለች። አሁን መመለሻው ይኸው ድስት ማውጣት ብቻ ሆኖ ቀረ።

«የኛን ድስቶች» ሲል ሰዲቅ ማብራራት አላስፈለገውም። እድራቸው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን የሚያለቅስበት እድር ነው። ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። የክርስቲያን ሥጋ የተሠራበት ድስት ለሙስሊም አይቀርብም፣ የሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንደዚያው። ስለዚህ የክርስቲያኖቹ ድስት ጆሮው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ የሙስሊሞቹ አረንጓዴ። ሁሉም የሚቀመጠው ሃረገወይን ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነው። ቀዮቹ በር ላይ ይደረደራሉ። አረንጓዴዎቹን ግን በስህተት የሌላ ሥጋ እንዳይነካቸው ብላ በማዳበሪያ ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ ከሁሉም ጀርባ ነበር የምታስቀምጣቸው። እሷ ክርስቲያን ሆና የሙስሊሞቹን ድስት ስትጠብቅ አንድ ቀን እንኳ ማንም ጠርጥሯት አያውቅም። በዚህ ሁሌም ትኮራ ነበር፣ ኩራቷንም አትደብቅም።

ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ሄደች። በሩን ስትከፍት ዓይኗን ማመን አቃታት። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። የድንኳኑ ጨርቅና ወንበሮቹ አንድ ጥግ ተከምረዋል፣ ቀዮቹ ድስቶች እላያቸው ላይ አሉ። ከጀርባ ማዳበሪያም የለ፣ ገመድም የለ፣ ድስትም የለ።

«ኣምደሚካኤል!»

ልጇ የቡና ስኒውን እንደያዘ ብቅ አለ። ሠላሳ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ ቢሮ የሚሠራ ሰው ነው። ሰርቪስ ቤቱን ለእንግዳ የሚከራይ ክፍል ላድርገው እያለ ሲጨቀጭቃት ከርሟል። ወደ መቀሌ ስትሄድ ቁልፉን የሰጠችው ግን ለቀለም አልነበረም። ሰፈር ውስጥ ሰው ቢሞት እንዲከፍት ነበር።

«እዚህ የነበሩት የተጠቀለሉ ድስቶች የት አሉ?»

«እነዛ አሮጌዎቹ? ሰጠኋቸው እኮ ማሚ።»

«ለማን?»

«ግሩፑ ላይ ፖስት አደረግኳቸው። ለሚፈልግ ሰው ነው የሰጠሁት፣ አልጣልኳቸውም።»

ግሩፑን ታውቀዋለች። «አይጣል፣ ይሰጥ» የሚባል ቴሌግራም ላይ ያለ ነው። ከሩዋንዳ እስከ ሳሊተ ምሕረት ያለ ሰው ቤቱ የተረፈውን ዕቃ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ ቀድሞ «እኔ» ያለ መጥቶ በነፃ ይወስዳል። ኣምደሚካኤል የእህቱን ልጅ አልጋ ለማያውቃት እናት ሲሰጥ ሃረገወይን ራሷ መርቃዋለች። ነገሩ ደግ ነገር ነው፤ እሷም አልጠላችውም።

ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ድስቶቿ አቧራቸው ተጠርጎ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ፎቶ ተነስተዋል። አረንጓዴው ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሥሩ እንዲህ ይላል፦ «አሮጌ ግን ጠንካራ ትልልቅ ድስቶች። ማንም አይፈልጋቸውም። በነፃ።» ከዚያ በታች የማታውቀው ሰው ሁሉ ልብ አስቀምጧል፣ «ተባረክ ወንድሜ» ብሏል።

ደሟ ፈላ። «ማንም አይፈልጋቸውም? ማንን ጠይቀህ ነው ማንም አይፈልጋቸውም ያልከው?»

«ማሚ፣ ስንት ጊዜ ሆናቸው ሳይነኩ! የእድሩ ዕቃ በር ላይ ያለው ነው ብዬ ነው። እነዛ በማዳበሪያ ተጠቅልለው፣ ታስረው... የተጣሉ ነበር እኮ የሚመስሉት።»

«የተጠበቁ ነበሩ! የተጣለና የተጠበቀ መለየት ያቃተህ ምን ነክቶህ ነው? አረንጓዴውን ቀለም አላየህም? የራስህን ስጥ፣ ጫማህን ስጥ፣ ከፈለግክ ያንን መኪናህን ስጥ! የሰው አደራ አንስተህ ሰጥተህ ምርቃት ትቀበልበታለህ?»

አብዱራሕማን መሞቱን ስትነግረው ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ አብዱራሕማን?»

«አዎ፣ ጋሼ አብዱራሕማን። በል መኪናህን አስነሳ።»

ድስቶቹን የወሰደችው ዮሃና የምትባል ወጣት ሴት ናት። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ በላስቲክና በቆርቆሮ በተሠራች ቤት ለልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ምሳ ትሸጣለች። ወደዚያ ሲነዱ ጎሮ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ሲቆሙ ልጁ ጥሩንባ ነፋ፣ ሃረገወይን በመስኮት አሻግራ እያየች ሰዓቱን ታሰላለች። እስከ ዙሁር ድስቶቹ ከደረሱ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረች። ዮሃና ሙስሊም ብትሆን፣ ወይም ሽሮና ምስር ብቻ ብትሠራባቸው፣ በደንብ አጥባ ታደርሳለች፣ ለአብዱራሕማን ሚስት ለዘሃራም ሁሉንም ትነግራታለች፣ ያልፋል።

ሲደርሱ ድስቶቹ እሳት ላይ ተጥደዋል። ክዳኑ ሲከፈት የበሬ ቅቅል ይንተከተካል። ዮሃና አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አስራለች። ሃረገወይን ማተቡንም ቅቅሉንም አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ሥጋ የምትሠሪበት ልጄ?»

«ካመጣኋቸው ጀምሮ ነው እናቴ። ምነው?»

ኣምደሚካኤል በችኮላ አስረዳት። ዮሃና ጭልፋዋን እንደያዘች ከእሱ ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ እሱ እያየች ሰማችው፣ ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔ አልሰረቅኩም» አለች። «ራሱ ነው መኪናው ላይ ጭኖ አምጥቶ የሰጠኝ። ‹ደስ ይበልሽ› ብሎኛል። ሌባ አይደለሁም እኔ!»

«አንቺማ ምን አደረግሽ» አለች ሃረገወይን። «ሌባውን እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

ዮሃና ይህን ስትሰማ ለዘብ አለች። ደግ ልብ ያላት ልጅ ነበረች፤ ሠራተኞቹ ለምሳ ሊወጡ ተቃርበው ሳለ እንኳ ቅቅሉን ወደ ባልዲ ልትገለብጠው ተነሳች። «በአመድና በሎሚ አብረቅርቄ አጥቤ እሰጥዎታለሁ እናቴ። አዲስ ነው የሚመስለው። ማን ያውቃል?»

«እውነቷን ነው ማሚ» አለ ኣምደሚካኤል እፎይ ብሎ። «አጥበን እንውሰድላቸው። ሰዎቹ ሐዘን ላይ ናቸው፣ አሁን እንዲህ ያለ ነገር መንገር ራሱ ሲሪየስሊ ጭካኔ ነው። ማን ያውቃል?»

ሃረገወይን ሁለቱንም አየቻቸው። በልጅቷ አልተናደደችም፤ ልትረዳት ብላ ነው። ከልጇ አፍ ያው ቃል ሲወጣ ግን አንጀቷ አረረ። እሱ ራሱ ስንት ኢድ ዘሃራ ቤት ለብቻው እየተሠራለት በልቶ ያደገ ልጅ ነው።

«ማን ያውቃል ነው ያልከኝ? እኔ አውቃለሁ! አንተስ አታውቅም? ሰውዬው ሞቶ ገና አፈር ሳይቀምስ፣ ሚስቱንና ዘመዶቹን የማይበሉትን ላብላቸው? ያመኑኝ እኮ ሳያዩኝ ነው! የሚያዩኝ ቢሆንማ እምነት ምን ያደርግላቸዋል? እነዚያ ድስቶች ቢጠፉ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ጠፉ ይባላል። ይህን ግን ምን ብለው ይጠሩታል?»

መንገድ ላይ የቆሙ ልጃገረዶች የፋብሪካ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ዞረው አዩዋት። ግድ አልሰጣትም።

«ድስቶቹ ያንቺው ናቸው» አለቻት ዮሃናን። «ሥሪባቸው። ከእንግዲህ ለኛ አይሆኑም። ሠራተኞቹ ምሳቸው እንዳይቀርባቸው።»

ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቀብሩ አልቆ ወንዶቹ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠዋል። አብዱራሕማን ግቢ ውስጥ ሴቶች ሽንኩርት ልጠው፣ ሥጋው ተዘልዝሎ፣ እሳቱ ነድዶ፣ ድስቱን ይጠብቃሉ። ሰዲቅ በር ላይ ተቀበላት፣ ወደ መኪናው ኋላ አይቶ ግራ ገባው። ሃረገወይን አልፋው ልጇን በእጁ እየጎተተች ወደ ዘሃራ ክፍል ሄደች። ዘሃራ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ በሴቶች ተከባ፣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ሃረገወይንን ስታይ እጇን ዘረጋች፣ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ሃረገወይን እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። «ዘሃራዬ፣ ድስቶቹ የሉም። ይህ ልጅ ሰጥቷቸዋል። የማይሆን ሥጋ ተሠርቶባቸዋል። አደራውን የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ፣ ቁልፉን የሰጠሁትም እኔ ነኝ። የቀረውን ከራሱ አፍ ስሚው።»

ኣምደሚካኤል በሩ መቃን ላይ ቆሞ መሬት መሬት አየ። «እትዬ ዘሃራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማንም የማይፈልገው አሮጌ ድስት መስሎኝ ነው። ሌላ ገዝቼ እተካለሁ፣ ዛሬውኑ፣ ከዚህ የተሻለ።»

ዘሃራ አልተቆጣችም። ልጁን ትኩር ብላ አየችው።

«አሮጌማ ነው» አለች። «ያንተ እኩያ ነው። እናትህ አንተን ወልዳ የክርስትናህ ድግስ ሲደርስ፣ ለኛ የሚሠራበት ድስት አልነበረም። ያኔ ሰፈሩ ውስጥ ድግስ ሲኖር እኛ ለስላሳ ጠጥተን ነበር የምንሄደው። አብዱራሕማን ታዲያ ‹የሃረጌ ልጅ ተወልዶላት እኔ በባዶ ሆዴ አልነሳም› ብሎ መርካቶ ወርዶ ድስቶቹን ገዝቶ መጣ። እናትህ እንዳታፍር ብሎ እድሩ ነው የገዛው አስብሎ ሰጠ። እኔንም ወላሂ እንዳትናገሪ ብሎ አስማለኝ። እነዚያ ድስቶች መጀመሪያ የተጣዱት ላንተ ክርስትና ነው። ዛሬ እሱ ሞተና የሚጣድለት ጠፋ።»

ሃረገወይን ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ያኔ ድስቶቹ አዲስ ሆነው ሲያብረቀርቁ፣ አብዱራሕማን እጁን ታጥቦ ከሁሉም ቀድሞ ሲቀርብ፣ አጥንቱን እየጋጠ ሲያሞግሳት ታያት። እድሩን ነበር ያመሰገነችው። ሰውዬውን አንድ ቀን እንኳ ስለ ድስቶቹ አላመሰገነችውም፣ አሁን ደግሞ ጊዜው አልፏል። ቁጣዋ ግን አልበረደም፤ ይልቁንም ባሰባት።

ኣምደሚካኤል ኪሱን ዳሰሰ፣ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። «ሄጄ እገዛለሁ» አለ።

«አትገዛም!» አለች እናቱ። ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። «መግዛት ምን ያቅትሃል? ገዝተህ ልትገላገል ነው? ቁልፉን ወዲህ በል። በእግርህ ትሄዳለህ። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ደጅ እያንኳኳህ ድስት ትለምናለህ። ‹ለምንድን ነው፣ የእድሩስ የት ሄደ?› ሲሉህ ደግሞ ትነግራቸዋለህ።»

ሰዲቅ ከበር ላይ «ተይ እንጂ ሃረጌ፣ እኛ እናመጣለን፣ ልጅ ነው» አለ።

«ልጅ አይደለም» አለች።

ዘሃራ ሰዲቅን በእጇ ምልክት ዝም አስባለችው። «ይሂድ» አለች።

ሃረገወይን ተከትላው እስከ ውጭ በር ወጣች፣ እዚያው ቆመች። ኣምደሚካኤል ኮፍያውን አውልቆ መንገዱን ተሻገረና የጎረቤታቸውን የሃይደርን በር አንኳኳ። የሃይደር ሚስት ሰልዋ ከፈተችለት። ድስት እንደሚፈልግ ነገራት። እሷም የእድሩ ድስቶች ምን እንደሆኑ ጠየቀችው። ልጁ ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ምን አልክ? አልሰማሁህም» አለችው ሰልዋ።

«እኔም አልሰማሁም!» አለች ሃረገወይን ከመንገዱ ማዶ። «ጮክ ብለህ ንገራት!»