በግራ የተቆለፈ ሸሚዝ

ቦክሰኛው ሲያሸንፍ መንደሩ ሁሉ አጎቱ ነበር። ቀኝ እጁ ተሰብሮ ብረት ሲገባበትና ጣቶቹ አንታጠፍም ሲሉ ግን ያ ሁሉ አጎት «አይዞህ» እያለ ወደየቤቱ ገባ። አይዞህ ሸሚዝ አይቆልፍም። በየማለዳው የምትቆልፍለት ታላቅ እህቱ ነበረች፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው አገጩን ቀና አድርጎ እንደ ሕፃን ይቆምላታል።

እህትዬው ደከማት። አንድ ቀን ልብስ ስፌት ቤቱ ገብታ ከአዲሷ ሰፊ ፊት ተቀመጠች። ሰፊዋ የአሥራ አንድ ዓመት ትዳሯን ትታ በአንድ ሻንጣ የወጣች ሴት ናት። ቦክሰኛው ሱሪ ሊያሳጥር ይመላለሳል፤ የሚያጥር ሱሪ ካለቀበት ቆይቷል፤ አሁን አዲስ ሸሚዝ አዟል።

«ወንድሜ ይወድሻል» አለች እህትዬው። «አንቺም አትጠይውም። እኔ ልጆች አሉኝ። ጠዋት ጠዋት የሚቆልፍለት ሰው ካገኘ እኔም አርፋለሁ።»

«እትዬ፣ ሚስት ነው ወይስ ሞግዚት የሚፈልጉለት?»

«ምን ለያቸው እቴ?»

አዩልኝ። ሴት አንዱን ጌታ ትታ ስትወጣ ሌላ የምታስታምመው ያዘጋጁላታል፤ ስሙንም ፍቅር ይሉታል። ይህች ሴት ለቀድሞ ባሏ፣ ሁለት እጆቹ ደህና ሆነው ሳለ፣ ካልሲ ሳይቀር ስታጠልቅ የኖረች ናት።

«የማንንም ወንድ ሸሚዝ አልቆልፍም» አለች። «ይንገሩልኝ።»

ተናግራ አልቀለላትም፤ ትወደዋለችና። ሸሚዙን በዚያው ሐሳብ እንደተዋጠች ሰፋችው። በማግስቱ የስፌት ቤቱ ባለቤት አነሣውና ግንባሩን ከሰከሰ።

«ምን ነካሽ? ቁልፉ በግራ፣ ቀዳዳው በቀኝ። ይሄ እኮ የሴት ነው። በይ ፍቺው።»

«መፍታት ለምጃለሁ» አለች። ቀዳዳው ግን ተቀዷል፤ የተቀደደ ደግሞ አይፈታም።

ቦክሰኛው ገባ። እህቱ ነግራዋለች፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ሸሚዜን ልውሰድ። ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም።»

«ተበላሽቷል። የሴት አድርጌዋለሁ።»

«ልሞክረው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ቆየ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ሊያግዘው ሲነሣ ሰፊዋ በክንዷ አገደችው። ሲወጣ እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ አንዱን ቁልፍ ብቻ ቀዳዳ አሳስቶታል፤ ቁልፉ ደረቱ ላይ ተንጋዷል። ደህና የሆነው ግራ እጁ ነው፤ ቁልፉም በዚያው በኩል መጣለት። ይህን ስንት አዋቂ ሲያየው ከርሞ አንድም ያሰበው አልነበረም።

«የሴት ሸሚዝ ለበሰ ይሉሃል» አለ ባለቤቱ።

«ግራ እጄ ደህና ነው፣ ጋሼ።»

ሰፊዋ ሳቀች። እጇ ወደ ተንጋደደው ቁልፍ ሊሄድ ሲል ኪሷ ውስጥ ከተተችው። አንቱታውንም ረሳችው።

«ምግብ ታበስላለህ?»

«ሽንኩርት መላጥ አቅቶኛል። ሌላውን እችላለሁ።»

«ዕቃ ማጠብስ?»

«በሳምንት አንድ ብርጭቆ እሰብራለሁ።»

አሰበችበት። ቀልድ አልነበረም፤ ቀሪ ዕድሜዋን ነበር የምትጠይቀው።

«ቅዳሜ ለምሳ ቤትህ እመጣለሁ» አለች። «ሽንኩርቱን ልጬ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቢቃጠልም አልነሣም።»

«ተቀመጪ» አለ ቦክሰኛው። «ብቻ ከምድጃው ራቅ በይ።»